ቆሎ የተጠቀለለበት ጥናት

ባለፈው ሰሞን ነው። አራት ኪሎ ታክሲ እየጠበቅኩ የረሀብም የመሰላቸትም ነገር ተደራርቦ መጣብኝና አንዲት ቆሎ ሻጭ ዘንድ ጠጋ አልኩ። «የሠላሳ ብር አድርጊልኝ እህቴ» አልኳት። በሲኒ ሰፈረች፤ ከጎኗ ከተከመረው ወረቀት አንዱን መዘዘች፤ እንደ ቀንድ ጠቅልላ «ይኸው ጋሼ፣ ምርቃትም ጨምሬልዎታለሁ» ብላ ሰጠችኝ። በዚህ ዘመን ምርቃት ያላስቀሩ ነጋዴዎች እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ታክሲው አልመጣም። ቆሎው አለቀ። ወረቀቱን ልጥለው ስል እንደ ልማዴ ዓይኔን ጣል አደረግኩበት። (የተጻፈ ነገር ሳያነብቡ መጣል የማይሆንላችሁ ሰዎች ትረዱኛላችሁ።) መጠይቅ ነው። የተሞላ መጠይቅ። ዕድሜ፦ 34። የትምህርት ደረጃ፦ ያልተማረች። በሕይወት ያሉ ልጆች፦ 4። የሞቱ ልጆች፦ 2። የሞት ምክንያት የሚለው ላይ ጠያቂው በእስክሪብቶ «አንዱ በኩፍኝ፣ አንዱ አይታወቅም» ብሎ ሞልቷል። ጤና ጣቢያ ለመድረስ በእግር ስንት ሰዓት ይወስዳል፦ 3። ከላይ ደግሞ፣ ይኼን ነው ማመን ያቃተኝ፣ የሴትዮዋ ስም ከነአባቷ፣ ከነቀበሌዋ ቁጭ ብሏል።

እናላችሁ፣ አፌ ውስጥ የቀረችው ሽምብራ አልወርድም አለች።

እስቲ አስቡት። አንዲት እናት ማሳዋን ትታ፣ ወይም እሳት ላይ የጣደችውን ትታ፣ ለማታውቀው ሰው የሁለት ልጆቿን ሞት ተናገረች። ለምን ተናገረች? ጠያቂው «ለጥናት ነው፤ ለልማት ይጠቅማል» ስላላት ነው። «ሚስጥርሽ ይጠበቃል» ሳይላትም አልቀረም። ያቺ እናት የሰጠችው አደራ ነው። አደራው ግን አራት ኪሎ ላይ ሽምብራና ገብስ ተሸክሞ ተገኘ።

የሚገርመኝ ሌላም አለ። እኔ ይኼንኑ ጥናት በሕጋዊ መንገድ ልይ ብል ኖሮ አላገኘውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ፈልጌ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። መታወቂያ ተባልኩ፤ ሰጠሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ተባልኩ፤ ሌላ ቀን ይዤ መጣሁ። ጽሑፉ ወጣልኝ። «እዚሁ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው» ተባልኩ። «ጥናቱ የተሠራበት መረጃስ የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ «የምን መረጃ?» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። እሷ ጋ የመጣው የታሰረ መጽሐፍ ብቻ ነው። ለአንባቢ በሦስት ቁልፍ የተዘጋው ነገር፣ ለቆሎ ሻጭ በኪሎ ተሸጧል። መዘጋት ያለበት ተከፍቷል፤ መከፈት ያለበት ተዘግቷል። ዛሬ የምከራከረው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

ከመከራከሬ በፊት ግን ንጹሕ እንዳልሆን ልናዘዝ። እኔም በጊዜዬ ሁለተኛ ዲግሪ ተምሬያለሁ። 240 መጠይቅ በትኜ፣ ሰው አስቸግሬ፣ ሰብስቤያለሁ። የት ነው ያለው? ቤት ስቀይር ካርቶኑ ከብዶኝ ለ«ቆራሌው» ሰጠሁት። በምትኩ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ወሰድኩ። ባልዲው እስከ ዛሬ አለ። መረጃው የለም። ስለዚህ በዚያች ቆሎ ሻጭም ሆነ ያንን ወረቀት በሸጠው ሰው ላይ ድንጋይ ለመወርወር የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም።

ነገሩን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወዳጄ ቡና ላይ አጫወትኩት። ከት ብሎ ሳቀና «እኛ ሰፈር በርበሬ ነው የሚጠቀለልበት» አለኝ።

«የአንተ የዶክትሬት መረጃ የት አለ?» አልኩት።

«ላፕቶፑ ላይ ነበር።»

«ላፕቶፑስ?»

«ተሰረቀ።»

«ሌላ ቅጂ የለህም?»

«ፍላሽ ላይ ነበር። ፍላሹን ቫይረስ በላው።»

አራት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የወጣበት፣ በስንት አቀበትና ቁልቁለት የተሰበሰበ። የቀረው የታሰረ መጽሐፍና አንድ «ዶክተር» የሚል ማዕረግ ነው። «የሥራ ባልደረባዬ ግን ይዟል» አለኝ ወዳጄ። ባልደረባውን አንድ ሌላ ተመራማሪ መረጃውን ቢጠይቀው «አሥር ዓመት የምጽፍበት ዳታ ነው፤ ለማን ብዬ ነው የምሰጠው?» አለ አሉ። «እስካሁን ስንት ጻፈበት?» አልኩት። «አንድ።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ደግሞ ምን ነካው? ኑሮው እሳት ሆኖብን ሳለ የመጠይቅ ወረቀት ነው የሚያስጨንቀን?» ሊል ይችላል። አዎ ያስጨንቃል። ምክንያቱም የተዘጋ እውቀት ሰው ይገድላል። ይኼን የምለው ለማጋነን አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢቦላ በ2014 ላይቤሪያ ሲገባ ዓለም ሁሉ «በምዕራብ አፍሪካ ታይቶ የማይታወቅ በሽታ» ነበር ያለው። በ2015 ግን የላይቤሪያ የጤና ባለሥልጣናት ራሳቸው ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጥተው አንድ ነገር ለዓለም ተናገሩ። በ1982 አውሮፓውያን ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ከላይቤሪያውያን የተወሰደ ደም መርምረው አገሪቱ የኢቦላ ቀጠና ውስጥ መቆጠር እንዳለባት፣ የጤና ባለሙያዎችም ሊጠነቀቁ እንደሚገባ ጽፈዋል። ደሙ የላይቤሪያ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ግን አንድም ላይቤሪያዊ አልነበረም። ጽሑፉን ከኢንተርኔት ለማውረድ 45 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ ለአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ገደማ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ከ30 ዓመት በላይ ተቆልፎ ተቀመጠ። ወረርሽኙ በምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 በላይ ሰው ጨረሰ። ጽሑፉ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር አልልም። በሩ ላይ የተለጠፈውን «አደጋ» የሚል ምልክት ባለቤቱ እንዳያነበው ሆኖ ነበር ግን እላለሁ።

«ክፍት ሳይንስ» የሚባለው ነገር ሲፈታ እንግዲህ ይኼ ነው። በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ትብብር የተሠራ ጥናት ጽሑፉም፣ መረጃውም፣ የተሠራበት ዘዴም ሌላው ሰው አግኝቶ እንዲያነበው፣ እንዲፈትሸው፣ እንዲጠቀምበት ማድረግ። የጥናት መረጃ አያያዝ ደግሞ መሠረቱ ነው። ያልተያዘ ነገር አይከፈትምና። የዩኔስኮ አባል አገሮች በ2021 ስለ ክፍት ሳይንስ የጋራ ምክረ ሐሳብ አጽድቀዋል፤ እኛም ከአባላቱ አንዱ ነን።

በነገራችን ላይ ፍላሹን ቫይረስ የሚበላው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት የ516 ጽሑፎችን መረጃ ከጸሐፊዎቹ ለማግኘት ሞክሮ ነበር። ጽሑፉ በወጣ በየዓመቱ መረጃው የመገኘት ዕድሉ በ17 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ኢሜይሉ ይሞታል፤ ኮምፒዩተሩ ይበላሻል፤ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ይጠፋል። ልዩነቱ እነሱ ቆጥረው አወቁትና ለመድኃኒቱ ተነሡ፤ እኛ ግን አልቆጠርነውም።

መክፈት ስህተትንም ያወጣል። በ2010 ሁለት ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች፣ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ፣ የአገር ዕዳ ከዓመታዊ ምርቱ 90 በመቶ ካለፈ ዕድገቱ ቁልቁል ይወርዳል የሚል ጽሑፍ አወጡ። በየአገሩ ያሉ ፖለቲከኞች በጀት ለመቁረጥ ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለክፍል ሥራ ብሎ ቁጥሩ አልገጥም ስላለው ጸሐፊዎቹን የኤክሴል ፋይላቸውን ጠየቃቸው። ሰጡት። ሲከፍተው ስሌቱ አምስት አገሮችን ሳያካትት ቀርቷል። ይኼና ሌሎች ጉድለቶች ሲታረሙ ከዜሮ በታች 0.1 የነበረው አማካይ ዕድገት 2.2 በመቶ ሆነ። ልብ በሉልኝ፤ ፕሮፌሰሮቹ «አንተ ማነህ?» አላሉትም። ፋይሉን ሰጡት። እስቲ አንድ የእኛ ተማሪ ለአንድ የእኛ ፕሮፌሰር «የተሰላበትን ፋይል ይላኩልኝ» ብሎ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚመረቅበትን ዓመት ቆጥራችሁ ንገሩኝ።

ታዲያ እኛ ሕግ አጥተን ነው? አይደለም። ወረቀት ላይማ ከብዙዎች ቀድመናል። በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ሥራዎችና መረጃዎች በተቋሙና በብሔራዊው ዲጂታል ቋት ይቀመጡ ይላል። የጥናት ገንዘብ የሚወስድ ተመራማሪ የመረጃ አያያዝ ዕቅድ ያቅርብ ይላል። ፕሮፖዛል ሲገመገም ክፍትነቱም ይመዘን ይላል። ግሩም ነው። ወዳጄን «ይኼን ፖሊሲ ታውቀዋለህ?» ስለው «እንዴ፣ ሥልጠና ወስጃለሁ!» አለኝ ኮራ ብሎ።

«የት?»

«ቢሾፍቱ። ሦስት ቀን።»

«ምን ተማርክ?»

ትንሽ አሰበና «አስፈላጊነቱን» አለኝ።

ይኼው ነው። አስፈላጊነቱን። የእኛ ሥልጠና ሁሉ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው። ግንዛቤ ስንጨብጥ፣ ስንጨብጥ እጃችን ዝሏል። ባነር ይሰቀላል፤ ቦርሳ ይታደላል፤ የክብር እንግዳው ይከፍታል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አበል ይፈረማል፤ የቡድን ፎቶ ይነሣል። ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል መምህራን ሠለጠኑ» ተብሎ ይጻፋል። ከሠለጠኑት መካከል ስንቱ መረጃውን አስቀመጠ የሚል ሣጥን ግን በቅጹ ላይ የለም። ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ስለ መረጃ አያያዝ ሲወራ ከርሞ፣ የሥልጠናው የተሳታፊዎች ዝርዝር ራሱ ጠፍቶ አበል እንደገና ሲፈረም ታዝቤያለሁ ብሏል ወዳጄ። እኔ አልጨመርኩበትም።

ሐሞቴን የሚያፈሰው ግን ሌላ ነው። ትምህርቱ ያለ አበል፣ ያለ ሐይቅ፣ በነፃ ተደርድሮ መገኘቱ ነው። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ «ማንትራ» የሚባል የመረጃ አያያዝ ትምህርት አዘጋጅቶ ማንም በራሱ ጊዜ እንዲማርበት ለቋል። ፋይል እንዴት እንደሚሰየም፣ ቅጂ የት የት እንደሚቀመጥ፣ የሰው ስም እንዴት ከመረጃ እንደሚለይ ያስተምራል። በ1998 «ሶፍትዌር ካርፔንትሪ» ብሎ የጀመረው፣ ዛሬ «ካርፔንትሪስ» የሚባለው ማኅበር፣ ትምህርቶቹን ማንም ወስዶ፣ ተርጉሞ፣ አሻሽሎ እንዲጠቀም ፈቅዷል። ሌላው ቀርቶ ናሳ፣ ጨረቃ ላይ ሰው ያወረደው ናሳ፣ ስለ ክፍት ሳይንስ የመግቢያ ትምህርት አዘጋጅቶ በነፃ ሰጥቷል። የሚቀመጥበት ቦታስ? በስዊዘርላንድ ያለው የሰርን ቤተ ሙከራ ከ2013 ጀምሮ «ዜኖዶ» የሚባል ቋት ከፍቷል። ማንኛውም ተመራማሪ በነፃ መረጃውን ያስቀምጣል፤ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሌላው ሲጠቀምበት ስሙን ይጠቅሳል። ለመክፈት ጊዜው ካልደረሰ ዘግቶ ማቆየትም ይችላል።

ትምህርቱ ደግሞ የጠፈር ሳይንስ እንዳይመስላችሁ። ከካርፔንትሪስ ትምህርቶች አንዱ ስለ ኤክሴል ሠንጠረዥ ብቻ ነው። አንድ ዓምድ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ጻፍ። አንድ ረድፍ ላይ አንድ ምልከታ ብቻ አስፍር። ቀለም መቀባት መረጃ አይደለም፤ «ቢጫ የቀባሁት አጠራጣሪ ነው» የምትለውን ከአንተ በቀር ማንም አያውቀውም፤ አንተም በዓመቱ ትረሳዋለህ። መጀመሪያ የሰበሰብከውን ፋይል አትንካ፤ በቅጂው ላይ ሥራ። ይኼን ለማወቅ ሎጅ ያስፈልጋል?

ኤክሴል ራሱ ተንኮለኛ ነው። የአንዳንድ ጂኖችን ስም ቀን እየመሰለው ሲለውጥባቸው የኖሩት ሳይንቲስቶች በመጨረሻ በ2020 የጂኖቹን ስም ለመቀየር ተገደዋል። እኛ ደግሞ የባሰ አለን። ዓመታችን ከሌላው በሰባትና በስምንት ይለያል፤ ሰዓታችን በስድስት። አንድ ፋይል ላይ «12/5/2011» ተብሎ ቢገኝ ጥር ነው ግንቦት? የእኛ ነው የፈረንጅ? «2 ሰዓት» ቢል ጠዋት ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ? የጻፈው ሰው ካልነገረን ማን ይነግረናል? የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃ የተመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከሌላ አገር ጋር የሚያነጻጽር ተመራማሪ በወር ቁጥሩ ላይ 92 መደመር አለበት። መደመሩን የሚያውቀው ስለተጻፈለት ነው። ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ የሚባለው ይኼው ነው። እኛ አገር ይኼ ትምህርት ከማንም አገር ይልቅ ያስፈልጋል፤ የሚያስተምረን ፈረንጅም የለም፤ ራሳችን ጽፈን ለራሳችን ማስተማር ያለብን ምዕራፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሙግት ልምጣ። «ብንከፍተው ይሰርቁናል» ይላሉ። ጤፍን እየጠቀሱ ነው። ስጋቱ ከሜዳ አልመጣም፤ አከብረዋለሁ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከእኛ ጋር ስምምነት ተፈራርሞ ዘሩን ከወሰደ በኋላ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ምን ሆነ? በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ይኼ ፈጠራ የለበትም» ብሎ መብቱን ሰረዘው። የፈጠራ መብት ሕግ መሠረቱ አዲስነት ነው፤ አስቀድሞ ታትሞ በአደባባይ የሚታወቅን ነገር ማንም «እኔ ፈጠርኩት» ሊል አይችልም። እንግዲህ አስቡት። እናቶቻችን የሚያውቁት፣ ተመራማሪዎቻችን ያጠኑት ነገር በቀኑና በስሙ ታትሞ በአደባባይ ቢቀመጥ ለሌባ ይመቻል ወይስ ምስክር ይሆንበታል? ጓዳ የተደበቀ ዕቃ ሲሰረቅ የእኔ ነው ለማለት ምስክር የለም። ዘሩን፣ የዘሩን ሀብት በሕግና በውል መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፤ ይጠበቅ። እውቀቱን ግን መዝጋት መጠበቅ አይደለም።

ደግሞስ ከማን ነው የደበቅነው? ከራሳችን። የኦክስፎርዱ «ያንግ ላይቭስ» ከ2002 ጀምሮ ሦስት ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል የኖረበት መረጃ በእንግሊዝ ቋት ሥርዓት ይዞ ተቀምጧል። የኑሮ ሁኔታ ዳሰሳችን በዓለም ባንክ ገጽ ላይ ይገኛል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቻችን በአሜሪካ ገንዘብ በሚሠራ ፕሮግራም በኩል ይሰጡ ነበር። አገር ውስጥ በአገር ገንዘብ የተሠራውን ግን ከአራት ኪሎ ቆሎ በቀር የት እንፈልገው? የራሱን ልጅ ቁመት ለማወቅ ጎረቤት የሚጠይቅ ቤተሰብ ሆነናል። ጎረቤት ደግሞ በር ሊዘጋ ይችላል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቋርጥ ያ የጤና ዳሰሳ ፕሮግራም ሥራው ቆመ፤ መረጃ ፈላጊ አዲስ ተመዝጋቢም መቀበል አቆመ። በኋላ ከሌላ ምንጭ ገንዘብ ተገኘለት። ይገኝለት እንጂ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በሰው ቤት የተቀመጠ አደራ የሰውየውን ፀባይ ይከተላል።

ሌላው ማምለጫ «የሰው ምስጢር ነው» የሚለው ነው። ይኼን የሚለኝ ሰው መጠይቁን ለቆራሌው ሲሰጥ ባላገኘው ኖሮ አምነው ነበር። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል። የዚያችን እናት ስም መጠበቅ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። ክፍት ማለት ገላልጦ ማሳየት አይደለም። ስሟ ይወጣል፤ ቀበሌዋ ይሸፈናል፤ የቀረው ይከፈታል። ሊከፈት የማይገባው ይዘጋል፤ ግን ለምን እንደተዘጋና ማን ሊያየው እንደሚችል ተጽፎ ይዘጋል። ካልሠለጠነ ሰው እጅ ግን ሁለቱም አይወጣም። አይከፍትም፤ አይጠብቅምም።

ደግሞ ባህላችን አይደለም እንዳትሉኝ። በየገዳማቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው ያውቃል። ጸሐፊው ሥራውን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳጻፈው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደተጻፈ፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ ያሰፍራል። የሰረቀውን፣ የፋቀውን ይረግማል። ይኼ ፈረንጅ ዛሬ «ሜታዳታ» ብሎ የሚያስተምረን ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱና በአሜሪካን አገር ሚኒሶታ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ትብብር በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ሚኒሶታ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካታሎግ ሲሠሩላቸው ኖረው በ2021 አረፉ። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ እዚያ፣ ዝርዝሩም በሊቅ የተጻፈ። ፍላሽ በማይታወቅበት ዘመን የተሠራ ሥራ ነው። ድንቅነሽም እንኳ ተከፍታለች፤ በ2016 የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ቅርጽ ማንም ልጅ አውርዶ በማተሚያ እንዲያወጣው በብሔራዊ ሙዚየማችን ፈቃድ ተለቋል። የሦስት ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት ያልሰሰተችውን የዛሬ ሦስት ዓመት የተሰበሰበ መጠይቅ ይሰስታል።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው ረጅም ዝርዝር የለኝም። አንደኛ፣ መረጃው ሥርዓት ይዞ ሳይቀመጥ ማንም ተማሪ አይመረቅ። ይኼ ብቻ ቢደረግ በአምስት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ማንም ሳይጎተት ይማረዋል፤ ዲግሪ የሚያስከለክል ነገር ግንዛቤ ማስጨበጫ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ መምህር ማዕረግ ሲጠይቅ ያተመው ብቻ ሳይሆን ያስቀመጠው መረጃም ይቆጠርለት። ዛሬ መረጃውን አስተካክሎ ለማስቀመጥ አንድ ወር የሚያጠፋ መምህር ሞኝ ነው የሚባለው፤ ሞኝ ያደረገው ደግሞ ሕጋችን ነው። ሦስተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹን መጽሐፍ ጠባቂ ማድረጉን እንተው። ሥራው የእነሱ ነው፤ ሥልጠናውም ለእነሱ ይቅደም። አራተኛ፣ በነፃ የተለቀቁት ትምህርቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተተርጉመው፣ የእኛ የዘመን አቆጣጠር፣ የእኛ የስም አጻጻፍ ምዕራፍ ተጨምሮባቸው ለመጠይቅ ሰብሳቢው ወጣት ይድረሱ። መረጃው የሚበላሸው ወይም የሚጠበቀው በዚያ ልጅ እጅ ነውና። የአንድ የቢሾፍቱ ሥልጠና አበል ይኼን አይችልም ብዬ አላምንም።

የመብራቱን መጥፋት፣ የኢንተርኔቱን መንቀራፈፍ ረስቼ አይደለም። የመምህሩን ደመወዝም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሠንጠረዥ አስተካክሎ መሙላት ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለት ቅጂ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ደመወዝ አይጨርስም። ስም ቆርጦ ማውጣት መቀስ ነው የሚፈልገው።

ወረቀቷን አልጣልኳትም። ስሟን የያዘውን ጫፍ ቀድጄ አቃጠልኩት። የቀረው ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የሽምብራ ቅባት ነካክቶታል። «የሞቱ ልጆች፦ 2» የሚለው ግን ይነበባል። ይኼን ቁጥር የጠየቃት ሰው ተመርቆ ይሆናል፤ ምናልባት ዛሬ እሱ ራሱ አማካሪ ነው። በመጪው ክረምት ደግሞ ሌላ ተማሪ ሌላ መጠይቅ ይዞ ደጃፏ ይቆማል። «ስንት ልጅ ሞተብሽ?» ይላታል። እሷም እንደ ልማዷ ቡና አፍልታ ትመልስለታለች።

ባለፈው የነገረችው የት እንደገባ ብትጠይቀው ምን ይላት ይሆን?

ቸር ይግጠመን።